አሸዋና ሳንባ፤ ብረትን በአሸዋ ንፊት የማጽዳት ታሪክ

ያረጀ የተሽከርካሪ ሻንሲ አዲስ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አሮጌው ቀለም፣ ዝገቱና ቅባቱ ከላዩ መነሣት አለበት። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ቀለም የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ነውና፣ ዝገቱ በለቀቀ ጊዜ አብሮት ይረግፋል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ቀናት የሚፈጀውን ይህን ድካም በታመቀ አየር የሚወረወር አሸዋ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። በጋራዥ ቋንቋ ሳንድብላስት የሚባለው የአሸዋ ንፊት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲወደድ የኖረው ስለዚህ ነው። ሲወደድ በኖረበት ዘመን ሁሉ ግን ሠሪዎቹን ሲገድል ኖሯል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአዋጁ ካልሆነ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘዴው አባት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቹ ቲልግማን (1821–1901) ነው። ይህ ሰው በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በሰሜኑ ወገን ተሰልፎ የጥቁር ወታደሮችን ሬጅመንት የመራ መኮንን ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ፈጠራ ሥራ አዙሮ ከእንጨት የወረቀት ጭብጥ የሚወጣበትን የሰልፋይት ዘዴ አስመዝግቧል። ጥቅምት 18 ቀን 1870 ደግሞ በእንፋሎት፣ በአየር ወይም በውሃ ኃይል የሚወረወር አሸዋ ድንጋይን፣ ብርጭቆንና ብረትን እንደሚቀርጽ በማሳየት በቁጥር 108,408 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በበረሃ ነፋስ የደበዘዘ የመስኮት መስታወት አይቶ ሐሳቡ መጣለት ይባላል፤ እውነት ይሁን ተረት፣ ለነገሩ የሚስማማ ወሬ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራው ብርጭቆ ማደብዘዝና በድንጋይ ላይ ፊደል መቅረጽ ነበር። የብረታ ብረት ማቅለጫዎች፣ የመርከብ መሥሪያዎችና በኋላም የመኪና ጥገና ቤቶች ያወቁት ቀስ በቀስ ነው።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ባንድ ዓመት ታገናኛለች። በዚያው በ1870 በሚላኖ የሚገኘው የኦስፔዳሌ ማጆሬ ሆስፒታል ሐኪም አኪሌ ቪስኮንቲ በድንጋይ ብናኝ ለሚመጣው የሳንባ በሽታ «ሲሊኮሲስ» የሚለውን ስም አወጣ። በሽታው ራሱ አዲስ አልነበረም። ጀርመናዊው ጆርጅ አግሪኮላ በ1556 በታተመው የማዕድን ሥራ መጽሐፉ፣ የካርፓቲያን ተራሮች ማዕድን ቆፋሪዎች በአቧራ ሳንባቸው እየቆሰለ ስለሚሞቱ እስከ ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ቲልግማን አሸዋን በኃይል መወርወር ሲጀምር የአቧራው ጠባይ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነበር ማለት ነው።

የአሸዋ ንፊት ከማዕድን ቁፋሮ እንኳ የከፋበት ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ አለ። ተራ አሸዋ በብዛት ኳርትዝ፣ ማለትም ክሪስታላዊ ሲሊካ ነው። የአሸዋው ቅንጣት ብረቱን ሲመታ ዝገቱን ብቻ አያነሣም፤ ራሱም ይደቅቃል። ከድቃቂው ውስጥ ዓይን የሚያየው ተመልሶ ይወድቃል። ዓይን የማያየው፣ ከሚሊሜትር ሺኛ ጥቂት እጅ የሚሆነው፣ በአየር ላይ ረጅም ጊዜ ይንሳፈፍና እስከ ሳንባው ጥልቅ ከረጢቶች ይዘልቃል። አዲስ የተሰበረ የሲሊካ ገጽ ከቆየው ይልቅ ሥጋን የሚጎዳ መሆኑም ተደርሶበታል። ሳንባው በጠባሳ እየተሞላ ይደርቃል፤ ጠባሳውን የሚሽር መድኃኒት የለም። በመጠነኛ አቧራ የሠራ ሰው በሽታው ከ10 ዓመት በኋላ ይታይበታል፤ በብርቱ አቧራ የሠራው ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ፤ እጅግ በከፋው ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት ጀምሮ። የሳንባ ነቀርሳም በሲሊካ የተጎዳን ሳንባ በቀላሉ ይደፍረዋል።

ይህን አይቶ ቁርጥ ውሳኔ በመውሰድ ታላቋ ብሪታንያ ቀደመች። በ1949 የወጣው ደንብ በቀልጦ ሥራ ውጤቶችና በሌሎች ዕቃዎች ንፊት ላይ አሸዋና ነጻ ሲሊካ ያለበትን ማናቸውንም ነገር ከለከለ። ሌሎች የአውሮጳ አገሮችም ኋላ ተከተሉ። አሜሪካ ግን አልተከተለችም። የአገሪቱ ብሔራዊ የሙያ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት በ1974 የሲሊካ አሸዋ ለንፊት እንዲከለከል ምክር ሰጠ፤ ምክሩ ሕግ አልሆነም። ይኸው ኢንስቲትዩት በ1992 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በአሸዋ ንፊት ሥራ የታመሙ 99 ሠራተኞችን ዘረዘረ፤ 14ቱ በዚያን ጊዜ ሞተው ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ክሪስታላዊ ሲሊካን በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። በ2016 የወጣው የአሜሪካ ደንብ እንኳ በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነ እንጂ አሸዋውን ራሱን አልከለከለም። ቱርክም የከለከለችው በ2009፣ ያውም በመኪና ሳይሆን የጂንስ ሱሪ ለማደብዘዝ አሸዋ ሲነፉ የነበሩ ወጣቶች ካለቁ በኋላ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት ዕውቀት ማጣት አልነበረም። አሸዋ በየወንዙ ዳር የሚዛቅ ርካሽ ነገር ነው፤ ሳንባ ደግሞ በሒሳብ መዝገብ አይጻፍም። ምትክ አልነበረም እንዳይባል፣ ቲልግማን ራሱ በሕይወት ሳለ በአሸዋ ፈንታ የብረት ጠጠርን ለዚህ ሥራ አውሎ ነበር። ዛሬ የብረት ጠጠር፣ ጋርኔት፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ የብርጭቆ እንክብልና የማቅለጫ ዝቃጭ ሁሉ አሉ። ብረት ጠጠር ሲገዛ ውድ ቢሆንም ተሰብስቦ ብዙ ጊዜ ስለሚያገለግል በዝግ ክፍል ለሚሠራ ሰው በመጨረሻ ይረክሳል። ዝቃጩ ግን መርዛማ ብረታ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል እንደ ፍጹም ደህና ነገር ሊታይ አይገባም።

በተሽከርካሪ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ሻንሲና ቸርኬ ብርቱውን ንፊት ይችላሉ፤ ኮፈንና ፓራፋንጎ አይችሉም። ስስ ላሜራ የሚጣመመው ብዙዎች እንደሚያስቡት በሙቀት ብቻ አይደለም፤ የተመታው ገጽ ስለሚለጠጥ ጭምር ነው። ስለዚህ ግፊቱ ይቀነሳል፣ ቅንጣቱ ይደቅቃል፣ አፈ ሙዙም ካንድ ስፍራ አይቆምም። ኩሽኔታ፣ ሞተርና የፍሬን ቱቦ ካልተደፈኑ የገባባቸው ቅንጣት ሥራውን ኋላ በመንገድ ላይ ይቀጥላል። የጸዳው ብረት ራቁቱን ነውና በእርጥብ አየር በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል፤ ጸረ ዝገቱ በዚያው ቀን መቀባት አለበት። አሸዋው ቢለወጥም በአሮጌ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስና ክሮሜት እንደ አቧራ መነሣቱ አይቀርም።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ለዚህ ሥራ መከላከያ ማለት አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ሻርፕ አይደለም፤ ሻርፕ የሚያቆመው ያንኑ ለጤና የማያሰጋውን ትልቁን ቅንጣት ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚገባበት የራስ ቁር ነው። አየሩም ከመኪና ጭስ ርቆ ከተቀመጠ ኮምፕሬሰር መምጣት አለበት፤ አለዚያ ሠራተኛው ከአሸዋው ድኖ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይወድቃል። አፈ ሙዙ ከእጅ ሲወድቅ በራሱ የሚዘጋ መሆን ይኖርበታል። ንፊቱ ከቆመ በኋላም የማይታየው ብናኝ በክፍሉ ውስጥ ስለሚቆይ ቁሩ ወዲያው አይወልቅም፣ ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፣ የሥራው ልብስም ልጆች ወዳሉበት ቤት አይሄድም።