“ክረምት” የተባለው ቁጥር፤ የሞተር ዘይት፣ ቱርቦና የአዳማ መንገዶች ታሪክ

በሞተር ዘይት ጣሳ ላይ በሁለት ቁጥሮች መካከል ተጽፋ የምትገኘው “ደብሊዩ” የተባለችው ፊደል፣ “ዊንተር” የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምኅጻር ናት። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ክረምት” ይባላል። ይሁን እንጂ የአውሮፓው ዊንተርና የእኛ ክረምት በስም እንጂ በጠባይ አይገናኙም። ዊንተር የዓመቱ ጽኑ ብርድና በረዶ የሚወርድበት ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን የዝናብና የደመና ወራት ነው። በስምጥ ሸለቆውና በዙሪያው ባሉት ደጋዎች ንጋቱ እጅግ የሚቀዘቅዘውና ውርጭ የሚታየው፣ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በበጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በመሆኑም “የክረምት ዘይት” የሚለው አባባል እንደ ቃሉ ሲወሰድ ባለመኪናውን ሊያሳስተው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የዘይት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ፣ ቱርቦ የተባለው መሣሪያ ለምን እንደተፈለሰፈ፣ ሁለቱም በአዳማና በአካባቢዋ መንገዶች ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚያስከትሉ ለመዳሰስ ይሞክራል። ዋናው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ በአገራችን ብርድ ከወቅት ይልቅ የከፍታ ጉዳይ ነው፤ ቱርቦ ላለው ሞተር ዘይት ሲመረጥም ከብርዱ ይበልጥ ግለቱ ሊመዘን ይገባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የቁጥሮቹ አመጣጥ

የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር በ1905 ተቋቋመ። በ1911 ደግሞ የሞተር ዘይቶችን በውፍረታቸው የሚመድብ ደንብ አወጣ፤ ዛሬ “ጄ 300” በመባል የሚታወቀው ደንብ መነሻው ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚናገረው የዘይቱን ውፍረት እንጂ ጥራቱን እንዳልሆነ ከመነሻው ልብ ማለት ያሻል።

በብርዳማ አገሮች አንድ ዘይት ለዓመቱ ሁሉ ሊበቃ አልቻለም። በበጋ ሞተሩን በደኅና የጠበቀ ወፍራም ዘይት በዊንተር እንደ ማር ረግቶ ሞተሩ አልነሣ ይላል። ስለዚህ ባለመኪናዎች ለብርዱ ጊዜ ቀጭን፣ ለሙቀቱ ጊዜ ወፍራም ዘይት እያቀያየሩ ይጠቀሙ ነበር። “ደብሊዩ” የሚል ምልክት የተጨመረላቸው ደረጃዎች የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው። በ1950ዎቹም ፖሊመር የተባሉ ውሑዶችን በመጨመር፣ ሲበርድ እንደ ቀጭን፣ ሲግል እንደ ወፍራም ዘይት የሚሠራ ባለሁለት ቁጥር ዘይት በገበያ ላይ ተስፋፋ።

በዛሬው ደንብ መሠረት ባለ 15 ደብሊዩ ዘይት ሞተርን በማስነሣት ረገድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፣ በፓምፕ በመገፋት ረገድ ደግሞ ከዜሮ በታች በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ባለ 20 ደብሊዩ ከዜሮ በታች በ15 እና በ20 ዲግሪ ይፈተናል። ሁለተኛው ቁጥር የግለቱ ነው፤ በ100 ዲግሪ ሲለካ 30 የተባለው ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 የተባለው ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ድረስ ውፍረት ሊኖረው ይገባል።

ቱርቦ፤ ከከፍታ ጋር የተደረገ ትግል

አልፍሬድ ቡኪ የተባለው የስዊዝ መሐንዲስ፣ ከሞተር የሚወጣው ጢስ ይዞት የሚሄደውን ጉልበት መልሶ በሥራ ላይ ለማዋል የሚያስችለውን ሐሳብ በ1905 በፓተንት አስመዘገበ። ጢሱ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ የተተከለው ሌላው ተሽከርካሪ ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው ዘግይቶ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ በሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ የተገጠሙት የዲዜል ሞተሮች ጉልበታቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን በ1918 የተደረገው ሙከራ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በከፍታ ላይ አየር በመሳሳቱ የአውሮፕላን ሞተር የሚያጣውን ጉልበት በቱርቦ ለመመለስ ፈለገ። ለዚህም ሞተሩን በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ሞከረው፤ ተሳካለትም። ቱርቦ እንግዲህ ገና በልጅነቱ የከፍታ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ከባድ መኪና የመጣው በ1938 በስዊዙ ሳውረር ኩባንያ ሲሆን፣ ቮልቮ በ1954 ተከተለ። በቤት አውቶሞቢል ላይ በ1962 በአሜሪካ ታየ፤ በ1978 ደግሞ መርሰዲስ ቱርቦ ያለው የዲዜል አውቶሞቢል ለሽያጭ አቀረበ።

የአዳማ መንገዶችና መኪኖቻቸው

አዳማ የመጓጓዣ ልጅ ናት። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር ከተማዋን የጣቢያ ከተማ አደረጋት፤ የመኪና መንገድ ሲስፋፋም የምሥራቁና የደቡብ ምሥራቁ ጉዞ መገናኛ ሆነች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገቡት መኪኖች መካከል በ1931 መመረት የጀመረው ፊያት 634 “ትሬንታ ኳትሮ” በሚል ስሙ ሲታወስ ኖሯል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፊልትሮ፣ ብሮንዚን የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችንም የጣሊያንኛ ቅርስ ናቸው። ቀጥሎ ሾፌሮቻችን “ኤንትሬ” እያሉ የሚጠሩት ፊያት 682 የአሰብን መንገድ ለብዙ ዓመታት ተቆጣጠረው።

እነዚህ ሞተሮች ቱርቦ አልነበራቸውም። ዝግ ብለው የሚዞሩ፣ ሰፊና ታጋሽ ስለነበሩ ባለአንድ ቁጥር 40 ወይም 50 ዘይት ይበቃቸው ነበር። “ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል” የሚለው እምነት የተወለደው ከዚህ ልምድ ነው፤ በዘመኑም ስሕተት አልነበረም።

ከ1998 ወዲህ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ወደ ጂቡቲ ሲዞር፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ የሚያልፈው የከባድ መኪና ቁጥር እጅግ በዛ። አሁን የሚመላለሱት እንደ ሲኖትራክ ያሉት መኪኖች ግን ቱርቦ አላቸው። ሞተሩ ተለውጧል፤ እምነቱ ግን አልተለወጠም።

ዘይቱ፣ ብርዱና ግለቱ

የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ዘንጉን ከብሮንዚኑ የሚለየው ከአንድ ሚሊ ሜትር በመቶኛዎች የሚቆጠር የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ለዘንጉ ማለስለሻም ማቀዝቀዣም ነው፤ ለአፍታ ቢዘገይ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

አሁን መንገዶቹን እንመልከት። ከጂቡቲ የተነሣ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ መተሐራ ላይ ወደ 950 ሜትር፣ አዳማ ላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ሲገባ ከ2,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከአዳማ ወደ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል። በበቆጂና በአዳባ አልፎ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው የሰነቴን አምባ ሲሻገር 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በሰነቴ የበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች መቀዝቀዙ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ብርዱ በፋብሪካ ባለ 15 ደብሊዩ ዘይት የተፈተነበትን ያህል አይጸናም። በአዳማማ ውርጭ እንኳ እምብዛም አይታሰብም። ስለዚህ ለብርድ ብቻ ተብሎ እጅግ ውድ የሆነውን ባለ 0 ደብሊዩ ዘይት መግዛት፣ የሞተሩ ሠሪ ራሱ ካላዘዘው በቀር፣ ለዚህ አካባቢ አስፈላጊ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ብርዱ ይናቃል ማለት አይደለም። በአሰላ ንጋት ባለአንድ ቁጥር 50 ዘይት ሞተሩን ባያግደውም እንኳ፣ ከፓምፑ ተነሥቶ ላይ ያለው ቱርቦ ዘንድ ለመድረስ ይዘገያል። ሾፌሩም ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ ከረገጠ ዘንጉ ዘይት ሳያገኝ ይፈጥናል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ንጋት በንጋት ይጠራቀማል።

ግለቱ ከዚህ ይብሳል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአዳማ 82፣ በአዲስ አበባ 75፣ በሰነቴ ደግሞ 60 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሳሳውን አየር ለማካካስ በከፍታ ላይ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥም ይግላል። ዳገት ጨርሶ ምግብ ቤት በር ላይ የቆመ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ፣ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል፤ በጋለው ብሮንዚን ውስጥ የቀረው ዘይትም ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ተበላሽቶ በተፈታ ቱርቦ ውስጥ ጥቁር ቅርፊት የለበሰ ዘንግ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ አዲስ ቱርቦ ከመግጠም አልፎ “ዘይቱ ምን ነበር? እንዴትስ ይቆም ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከዚህ የምንደርስበት መመሪያ አጭር ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛውን ቁጥር የሞተሩ ሠሪ ካዘዘው አለማወፈር፤ 30 የታዘዘለትን ሞተር “ለቆላ ነው” ብሎ 50 መሙላት ጥበቃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ 15 ደብሊዩ 40 ለሚፈቀድላቸው የዲዜል ሞተሮች ይኸው ዘይት ከመተሐራ እስከ ጎባ ያገለግላል። ሦስተኛ፣ ከውፍረቱ ጎን ለጎን የጥራት ደረጃውን ማንበብ፤ በ1998 የወጣው “ሲ.ኤች. 4” እና በ2002 የወጣው “ሲ.አይ. 4” የተባሉት ደረጃዎች ከግለትና ከጥላሸት ጋር የተያያዙ ፈተናዎችን ያለፉ ናቸው፤ በ1950ዎቹ የወጣው “ሲ.ዲ.” ግን ለዛሬ ሞተር አይመጥንም። አራተኛ፣ ሲነሣ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ከዳገት በኋላ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት። ይህ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም።

መደምደሚያ

ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት እንግዲህ ተተኪ ሳያገኙ ረጅም ዘመን ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። የመለዋወጫ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር፣ ያለ ጊዜው የተቃጠለ ቱርቦ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሚያቋርጥበት ጊዜ አለ።

የዘይቱን ቁጥር የጻፉት ሰዎች በፊታቸው የነበረው በረዶ ነበር፤ ቱርቦውን የሞከሩት ደግሞ ተራራ። ከሁለቱ ለእኛ የሚቀርበው ተራራው ነው። መጻሕፍቱ ከሌላ አገር አየር ንብረት ጋር መምጣታቸው አይቀርም፤ በራሳችን መንገድ ከፍታና ግለት መዝኖ ለሾፌሩና ለመካኒኩ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።