ዜና መዋዕል ዘማዚንጊራ

በ2010 ዓ.ም. ልደት ሊውል ሰሞን የኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ንዴግዋ ሙሆሮን ከወንጀል ምርመራ አለቅነት ሽረው ጌታችንን ጆርጅ ኪኖቲን ሾሙ። ጌታችን አስቀድመው የፖሊስ ቃል አቀባይ ነበሩና አንደበታቸው የሰላ ነበረ። መቀመጫቸውም በናይሮቢ በኪያምቡ መንገድ፣ ማዚንጊራ በሚባለው ቤት ሆነ። ይህ መሥሪያ ቤት በእንግሊዞች ዘመን የተተከለ ነው፤ ቀድሞ ስለ ነበሩት አለቆች ማውሳት አንባቢን ማድከም ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት 20 ቀን፣ ከብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎት ወደ 9 ቢሊዮን ሽልንግ ተበልቷል ተብሎ ቋሚ ጸሐፊዋና ዋና ዳይሬክተሩ ከብዙ ሹማምንት ጋር ተያዙ። ሕዝቡም ትልቅ ሰው ሲያዝ አይቶ ተደነቀ። ጾመ ፍልሰታ በተፈታ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ምክትል ዋና ዳኛዋን ፊሎሜና ምዊሉን ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይዘው አወጧቸው፤ ጌታችንም ራሳቸው እስከዚያ ሄዱ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከዚያ በፊት በአገሩ አልታየም። በኋላ አምስት ዳኞች የባንክ ማስረጃው የተገኘበት መንገድ ደስ ስላላሰኛቸው በእርሳቸው ላይ የቀረበው ክስ ቀረ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር 7 ቀን፣ በቅድስት ሥላሴ በዓል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አምስት የአልሸባብ ሰዎች በሪቨርሳይድ ወዳለው ዱሲት ሆቴል ገቡ። አንዱ በምግብ ቤቱ ደጅ ራሱን አፈነዳ፤ የቀሩት ጠመንጃ ይዘው በየፎቁ ሰው አሳደዱ። ነፍሳቸውን ይማርና 21 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 700 የሚጠጉ ግን ዳኑ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ገዳዮቹ ሁሉ አለቁ፤ በዚህ የልዩ ጦር ሰዎችም ረድተዋል። የማዚንጊራ ጥበብ ግን የታየው በመኪናይቱ ነው። ገዳዮቹ የመጡባት ትንሽ ራክቲስ ቆማ ቀርታ ነበርና መርማሪዎች በታርጋዋ ዱካ ሄደው ከናይሮቢ ወጣ ብላ ካለችው ሙቻታ ደረሱ። በዚያ ከገዳዮቹ አንዱ ከሚስቱ ጋር ቤት ተከራይቶ ኖሯል። ጎረቤት ያልጠረጠራቸው ወጣቶች ነበሩ። ሚስቲቱ ከጥቂት ቀን በፊት ከዚህ ልንለቅ ነው ብላ የቤት ዕቃዋን በኢንተርኔት ለገበያ አውጥታ ነበር፤ ገዢ ይፈልግ የነበረው ዕቃ ለመርማሪ ምስክር ሆነ። ከዚያ በስልክና በገንዘብ ዝውውር ተባባሪዎች ተለቀሙ፤ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 30 ዓመት ተፈረደባቸው። ይህ ፍሬ የጌታችን ዘር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ሮቲች በአሮርና ኪምዋረር ግድቦች ነገር በገዛ እግራቸው መጥተው እጅ ሰጡ። ከአራት ዓመት በኋላ በነፃ ተሰናበቱ። የተያዘውን መቁጠር የጸሐፊ ሥራ ነው፤ የተፈታውን ዳኛ ይቁጠር።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ገባ፤ የሚጻፍ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ማዚንጊራ ራሱ ጸሐፊ ሆነ፤ ሌባው እንዴት እንደ ሸሸ፣ መርማሪው እንዴት እንዳደፈጠ በትዊተር እንደ ልብ ወለድ እያጣፈጠ ይተርክ ጀመር። አገሩ ሁሉ ያነበው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር 9 ቀን በአንድ ነጋዴ ጠመንጃዎች ነገር ከዳኛ ጋር ጥቂት አለመግባባት ሆኖ በጌታችን ላይ 4 ወር ተፈርዶ ነበር፤ ወኅኒ ግን አልወረዱም። በማግስቱ አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በኪሌሌሽዋ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ከመኪናው ተጎትቶ ተወሰደ። ሲወስዱት የሚያሳየውን ቪዲዮ ያገራችን ሰው ሁሉ ተቀባበለው፤ ባለቤቱም ባሌን መልሱልኝ እያለች ስትማጠን ከረመች። ለራክቲሷ ታርጋ የተገኘው ዓይን በዚያች ቀን ወዴት ነበር? እግዚአብሔር ያውቃል።

በሰኔ ፕሬዚዳንቱ ታላቁን የፎረንሲክ ላቦራቶሪ መርቀው ከፈቱ። ይህ ሕንፃ ለጌታችን ስም በቂ ነው። በሐምሌ ሁለት ሕንዳውያን ከሾፌራቸው ጋር ጠፉ፤ ስለዚህ ነገር ሌሎች ጽፈዋል።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም አዲሱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ዘውድ ሳይሆን ሰይፍ ተቀብለው ነገሡ፤ በመስቀል በዓል፣ መስከረም 17 ቀን፣ የጌታችን መልቀቂያ ተነገረ። በጥቅምት ልዩ የአገልግሎት ክፍል የሚባለው የማዚንጊራ ጓድ ተበተነ፤ መኮንኖቹም ስለ ሕንዳውያኑ ፍርድ ቤት ቆሙ። በወንበሩም መሐመድ አሚን ተቀመጡ።