የግዕዝ ሶፍትዌርና ያልተከፈለው ዕዳ

ሶፍትዌርን ያለ ፈቃድ ስለ ማባዛት በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ዋጋው አይቀመስም»። መልሱ ሐሰት አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አንድ ጀማሪ መምህር ማይክሮሶፍት ኦፊስን በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ቢል የወራት ደመወዙን ይጠይቀው ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩን ጠጋ ብለን ብንመረምር ቅጂው አብልጦ የጎዳው ባሕር ማዶ ያለውን ባለጸጋ ሳይሆን የገዛ ወገኖቻችንን ሆኖ እናገኘዋለን።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ቢል ጌትስ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ከአልቴር ባለቤቶች መካከል «ቤዚክ» የተባለውን ፕሮግራሙን የገዙት ከመቶ አሥር እንደማይሞሉ ገልጾ አማሯል። የእርሱ ድርጅት ግን ሰፊ ገበያ ስለ ነበረው ጉዳቱን ተቋቁሞ ገነነ።

የግዕዝ ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ገበያ አልነበራቸውም። ከዶክተር አበራ ሞላ «ሞድኢት» አንሥቶ እስከ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ድረስ፣ ለ26 ፊደላት በተሠራ የቁልፍ ሰሌዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊደላትን ማስጻፍ ብዙ ድካም ጠይቋል። በአንጻሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ስለዚህ የላኪውን ፕሮግራም መቅዳት ለመጻፍ ብቻ ሳይሆን ለማንበብም ግድ ሆነ።

የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ስለሚጻፍ በተራው የቁልፍ ሰሌዳ ይተየባል። በአምቦም ሆነ በጎጆ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ የሚላክ ማመልከቻ ግን የግዕዝ ፕሮግራም ይሻ ነበር፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችም ዲስኩን እየተቀባበሉ ሠሩበት።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ሰጠ። ጥበቃው በዋናነት የኢትዮጵያውያንንና የነዋሪዎችን ሥራ፣ እንዲሁም መጀመሪያ እዚህ የታተመውን ይመለከታል። እንግዲህ በሕግ ረገድ ይበልጥ የተከለለው የአገር ልጅ ሥራ ነበር፤ በተግባር ግን ከባዕዱ ጋር እኩል ተገለበጠ።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ነው? በእኔ እምነት በባዶ ኪስ የሚማረው ተማሪና በጀት የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ተማሪውን ችግር ያስገድደዋል። ለመኪናና ለአበል ገንዘብ የሚመድብ፣ ለፊደሉ መሣሪያ ግን ሰባራ ሳንቲም የማይመድብ ቢሮ «ዋጋው ተወደደ» ሊል አይገባም። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የኮዱ መለያየት ሠሪዎቹንም የሚያስወቅስ ነው፤ ነገር ግን ጥፋታቸው ድካማቸውን በነፃ ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ተካተተ፤ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ። ዛሬ አማርኛ ለመጻፍ መስረቅ አያስፈልግም፤ ዋጋ ለከበደውም ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ በነፃ ይገኛሉ። ስለዚህ አሮጌው ሰበብ ፈርሷል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ቢሮዎቻችን ወይ ይግዙ፣ ወይ ነፃውን ይልመዱ። ሕግ አውጪው ራሱ ያላከበረውን ሕግ ከጎጆው የጽሕፈት ቤት ባለቤት ሊጠብቅ አይችልምና።