ቦንድ ወይስ የዕዳ ሰነድ?

«ቦንድ» የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን በደንብ የተዋወቅነው በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሥራ ሲጀመር ነው። ሠራተኛው የወር ደመወዙን፣ በውጭ ያለው ወገን ደግሞ ለፍቶ ያጠራቀመውን ሰጥቶ ቦንድ ገዛ። በዚያ ስሜት መካከል ቦንድ መግዛትና መዋጮ ማዋጣት ተቀላቀሉብን። ዛሬም «ለግድቡ ይህን ያህል አዋጣሁ» ሲባል እንጂ «ይህን ያህል አበደርሁ» ሲባል እምብዛም አይሰማም። ቦንድ ግን ብድር ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ከነወለዱ ይመለሳል።

በአማርኛ አንዳንዱ «የብድር ሰነድ»፣ ሌላው «የዕዳ ሰነድ» ይለዋል። ለሰጪው ብድር፣ ለተቀባዩ ዕዳ ስለሆነ ሁለቱም ያስኬዳሉ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ሰነዱን የሚያወጣው ተበዳሪው ነው፤ «ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ፣ በዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ ቃል የሚገባውም እሱ ነው። ስሙ ይህን ኃላፊነት ቢያስታውሰን ይሻላል።

የዕዳ ሰነድ የሚያወጣው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ኩባንያም ያወጣል። አክሲዮን ቢሸጥ አዲስ ባለቤቶች ይገቡበታል፤ የዕዳ ሰነድ ቢሸጥ ግን አበዳሪ እንጂ ባለቤት አይጨመርበትም። አበዳሪው በጉባኤ ድምፅ ባይኖረውም ኩባንያው አተረፈም አላተረፈም ወለዱን ይጠይቃል። ኩባንያው ቢከስርም ከባለአክሲዮኖች በፊት የሚከፈለው ለእሱ ነው። ከባንክ ብድር የሚለየው ደግሞ ዕዳው ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ መሸጡና የገዛው ሰው መልሶ ለሌላ መሸጥ መቻሉ ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ያደረገውን እንይ። ኩባንያው ወደ 145 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብና በቀላሉ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት ነበረው። እንዲያም ሆኖ የ17 ቢሊዮን ዶላር የዕዳ ሰነድ ሸጠ። ገንዘብ ሞልቶት ሳለ ለምን ተበደረ? አብዛኛው ሀብቱ የተቀመጠው ከአሜሪካ ውጭ ስለነበር፣ ወደ አገር ቢያስገባው በጊዜው እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ግብር ይጠብቀው ነበር። ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ ለመክፈልና የራሱን አክሲዮኖች መልሶ ለመግዛት ከዚያ ግብር ይልቅ የብድሩ ወለድ ረከሰለት። ብድር የችግረኛ መንገድ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሰነዶቹ አንዱ የአሥር ዓመት ነበር፤ ወለዱ በዓመት 2.4 በመቶ። ይህ ወለድ በገበያው ቋንቋ «ኩፖን» ይባላል። እኛ ኩፖን ሲባል ትዝ የሚለን የቀበሌ ስኳርና ዘይት ነው፤ ነገሩም ያን ያህል አይራራቅም። ድሮ የዕዳ ሰነድ ወረቀት ነበርና፣ በጠርዙ ያሉትን ቁራጮች እየቀደዱ በየጊዜው ወለድ ይቀበሉበት ነበር። ስለዚህ «የወለድ ቁራጭ» ብንለው አንሳሳትም። በ1,000 ዶላር ሂሳብ የአፕል ሰነድ በዓመት 24 ዶላር፣ ይኸውም በየስድስት ወሩ 12 ዶላር ይከፍል ነበር።

ብዙ ሰው የሚቸገረው የሰነዱን ዋጋ ሲያስብ ነው። ወለዱ አይለወጥም፤ የገበያው ወለድ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ሰነዱ አንድ ዓመት ሲቀረው ተመሳሳይ አዲስ ሰነድ 4 በመቶ የሚከፍል ከሆነ፣ በዓመቱ 1,024 ዶላር ለሚያስገኘው አሮጌ ሰነድ 1,000 ዶላር የሚሰጥ አይገኝም። የሚያዋጣው ዋጋ 985 ዶላር ገደማ ነው። ወለድ ሲወጣ ዋጋ ይወርዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

የአፕል ሰነዶችም ይኸው ደርሶባቸዋል። በተሸጡ በጥቂት ወራት የአሜሪካ ወለድ ሲጨምር ዋጋቸው ወረደ፤ በዚያን ጊዜ የሸጠ ሰው ከሰረ። የአሥር ዓመቱን ሰነድ እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2023 ይዞ የጠበቀው ግን ወለዱን በየስድስት ወሩ፣ ዋናውን ደግሞ በቀኑ ሙሉውን ተቀበለ።