በቆሎ ሳይፈለፈል ለምን ይጎነቁላል?

ጠላ ጠማቂዋ ገብሱን በውኃ ዘፍዝፋ፣ ጎንቁሎ ሲያቆጠቁጥ አድርቃ ብቅል ታደርገዋለች፡፡ ይኸው ሥራ ያለማንም ፈቃድ በማሳ ላይ ሲፈጸም ግን ኪሳራ ነው፡፡ በጥቅምትና በኅዳር ያለጊዜው ዝናብ ሲጥል፣ የደረሰ በቆሎ ከቆረቆንዳው ሳይላቀቅ ጎንቁሎ የሚገኝበት አጋጣሚ አለ፡፡

ዝናብ ባይጥልም እንኳ በእሸትነቱ ወቅት ፍሬው ለመብቀል የሚያስፈልገው ውኃ፣ ሙቀትና ምግብ አልጎደለበትም፡፡ ታዲያ ያኔ ለምን አይበቅልም? የሚያግደው አብሲሲክ አሲድ የሚባለው የእፅዋት ሆርሞን ነው፡፡ ይህ ሆርሞን ሽሉ ከመብቀል ታቅቦ ፕሮቲንና ዘይት እንዲያጠራቅም፣ ለሚመጣው ድርቀትም እንዲዘጋጅ ያደርጋል፡፡ ጂበረሊን የተባለው ሌላው ሆርሞን በአንፃሩ መብቀልን ይገፋፋል፡፡ የፍሬው ዕጣ የሚወሰነው በሁለቱ ሚዛን ነው፡፡

ለዚህ ማስረጃ የሆኑት በዘር ውርስ ጉድለት ምክንያት ገና በእሸትነታቸው የሚጎነቁሉ በቆሎዎች ናቸው፡፡ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቢጫ ቀለም የሚሰጠውን ካሮቲኖይድ መሥራት አይችሉም፡፡ አብሲሲክ አሲድ የሚሠራው ከካሮቲኖይድ በመሆኑ፣ ፍሬዎቹ ነጥተው ያለጊዜያቸው ይበቅላሉ፡፡ በሌሎቹ ደግሞ ሆርሞኑ አለ፤ ሽሉ ግን ትዕዛዙን አይሰማም፡፡ ለዚህ ምክንያት የሆነውን ዘረመል አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ለይተውታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናትም አብሲሲክ አሲድ የጎደላቸው ፍሬዎች ጂበረሊን እንዳይሠሩ በጊዜ ሲከለከሉ፣ ያለጊዜ መብቀላቸው እንደሚቀር አሳይቷል፡፡

ሁለተኛው ቁልፍ ድርቀት ነው፡፡ ለጋ ፍሬ ከክብደቱ ከ80 በመቶ በላይ ውኃ ነው፡፡ ስታርች እየሞላበት ሲሄድ ውኃው ይቀንስና፣ ሲጎመራ ከ30 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፡፡ በዚህ ጊዜ ፍሬው ከቆረቆንዳው ጋር በተያያዘበት ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ከእናቱ የሚመጣው ምግብም ይቋረጣል፡፡ ሆርሞኑ አስቀድሞ እየቀነሰ በመምጣቱ፣ ከዚህ በኋላ ዘቡ በአብዛኛው ድርቀቱ ነው፡፡ ዝናብ የሚሰብረውም ይህንን ዘብ ነው፡፡

ቅጠሉ ጫፉን ጥብቅ አድርጎ የሸፈነውና ሲደርስ ወደ ታች የሚያዘነብል በቆሎ ዝናቡን ያንጠባጥባል፡፡ ጫፉ ተገልጦ ሽቅብ የቆመው ግን ውኃ ያቁራል፡፡

የጎነቆለ ፍሬ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ይቀላል፤ ዳግም ቢደርቅም ለዘር አይታመንም፡፡ ያው እርጥበት ሻጋታን ስለሚጋብዝ ደግሞ ጉዳዩ እስከ ተመጋቢው ጤና ይዘልቃል፡፡ ስለዚህ ጥቁሩ ነጥብ ከታየ በኋላ ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ፣ በቆሎውን ቶሎ ሰብስቦ፣ ቅጠሉን ገፎና አየር በሚያገኝ ቦታ አድርቆ፣ እርጥበቱ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ወደ ጎተራ ማስገባት ይመረጣል፡፡