ባራኮ፦ ከሩዝ ጋር የሚበላው የፊሊፒንስ ቡና

«ቡና ጠጡ!» የሚለውን ጥሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊሊፒንስ ውስጥ ባታንጋስ በሚባለው ግዛት ግን ቡና ይበላልም። ትኩስ ሩዝ ላይ ያፈሱትና በማንኪያ ይበሉታል። ለዛሬ ይሄን ቡና እናስተዋውቃችሁ፤ ስሙ ባራኮ ነው።

📌 ስሙ ከየት መጣ?

በታጋሎግ ቋንቋ ባራኮ ማለት አውራ ከርከሮ ወይም ለማራቢያ የሚቀመጥ አውራ እንስሳ ነው። ጠንካራና ደፋር ወንድንም እንደዛ ይሉታል። ቡናው ጣዕሙም ሽታውም ኃይለኛ ስለሆነ ይሄ ስም ወጣለት። የሚገርመው ግን ካፌይኑ ከሮቡስታ ያነሰ ነው።

📌 ከኛ ቡና በምን ይለያል?

የኛ ቡና አረቢካ ነው። ባራኮ ደግሞ ላይቤሪካ የሚባል ሌላ ዝርያ ነው። መገኛው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ስለሆነ እሱም የአህጉራችን ልጅ ነው። ዛፉ ካልተገረዘ ከ15 ሜትር በላይ ስለሚያድግ ለለቀማ መሰላል ያስፈልጋል። ፍሬው ከአረቢካ ፍሬ ይተልቃል። ሽታውን ብዙዎች ጃክፍሩት ከሚባለው ትልቅ የሐሩር ፍራፍሬ ጋር ያመሳስሉታል።

📌 እንዴት ያዘጋጁታል?

በባህላዊው መንገድ ውሃ በድስት ይፈላል፣ የተፈጨው ቡና ይጨመራል፣ ከዛ ከእሳት ይወርድና አተላው እስኪዘቅጥ ይቆያል። ከዛ በጨርቅ ይጠለላል። ብዙዎች ያልተጣራ ቡናማ የአገዳ ስኳር ይጨምሩበታል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፦

🔹 ከሩዝ ጋር፦ የገጠር ቁርስ ነው። ቡናው እንደ ወጥ ሩዙ ላይ ይፈሳል፣ አጠገቡ ጨው ያለበት የደረቀ ዓሣ ይቀርባል። የቡናው ምሬት የዓሣውን ጨው ያለዝበዋል።

🔹 ከዳቦ ጋር፦ ፓንዴሳል የሚባለውን ለስላሳ ትንሽ ዳቦ እየነከሩ ይበሉታል።

🔹 ጣፋጭ ላይ፦ ሌቼ ፍላን ከእንቁላል አስኳል፣ ከወተትና ከተቃጠለ ስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ነው። ወፍራም ባራኮ ሲገባበት ጣፋጭነቱ አይሰለችም። አይስክሬምና ኬክም ላይ ይገባል። ለፍላን የሚሆነው ግን የተጠለለው ቡና ነው፤ ዱቄቱ ከገባ አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይሆናል።

🔹 ሥጋ ላይ፦ የአሁን ዘመን ምግብ አብሳዮች ስብ ያለው የጎድን ሥጋ በቡናው ይዘፈዝፋሉ፤ መረቁም ላይ ይጨምሩታል። ምሬቱ የስቡን ክብደት ይቆርጠዋል።

📌 ታዲያ ለምን ብርቅ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የቅጠል ዋግ በሽታ የሌሎች አገሮችን ቡና ሲያጠፋ የባታንጋሷ ሊፓ ከተማ በቡና ንግድ በለጸገች። በ1889 ግን ዋጉ ራሷ ሊፓ ደረሰና እርሻዎቿን አወደመ። ብዙ ገበሬ ወደ ሌላ ሰብል ዞረ። ዛሬ ፊሊፒንስ የምታመርተው ቡና በብዛት ሮቡስታ ነው። ባታንጋስ ለማኒላ ቅርብ ስለሆነች የእርሻ መሬቷ ወደ መኖሪያ ቤት እየተቀየረ ነው። በጥር 2020 ደግሞ ታል የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአካባቢውን እርሻዎች በአመድ ሸፈነ።

እንግዲህ ወጥ ቤቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ዛፍ ላይ በመሰላል ወጥቶ የሚለቅም ገበሬ በዋጋ ከሮቡስታ ጋር መወዳደር ይከብደዋል። ባራኮ በጣዕሙ ተፈልጎ ፍላን ውስጥና ሥጋ ላይ ሲገባ ግን ገበሬው ዛፉን ላለመቁረጥ ምክንያት ያገኛል።

ቡና መብላት ለኛም እንግዳ አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ የቡናን ፍሬ በቅቤ ጠብሶ የሚያቀርብበት «ቡና ቀላ» የሚባል የቆየ ባህል አለው።

እስቲ እናንተስ ቡና ምግብ ላይ ሲገባ አይታችኋል? ምን ላይ? ጻፉልን 👇