ከሳልባትዮ እስከ ሞተር

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ባቡሩ እንኳ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። የዚያ ዘመን መኪኖች የነዳጅ አሠራር ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ቤንዚኑ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የነዳጅ ማጠራቀሚያ (ሳልባትዮ) በገዛ ክብደቱ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። ጣጣው ቤንዚኑን እዚህ ድረስ ማምጣቱ ነበር።

የጣሊያን ወረራ ያመጣቸው ፊያትና ላንቻ ካሚዮኖች ጋራዥን አበዙ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሴይቼንቶና ቮልስ መጡ። በሁለቱም ሳልባትዮው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ የመኪናውን ወገብ አቋርጦ ይሄዳል። እነዚህን አሮጌ ቦዲዎች አድሶ ሌላ ሞተር የሚገጥም ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ይህን ረጅም ቱቦ ነው፤ ውስጡ ከዛገ የተደከመበትን ሞተር ያንቃል።

ከፍታችንም የራሱ ፈተና አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፉ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተቃኘ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ነባር መካኒኮች ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን አይተው የአየሩንና የቤንዚኑን ሚዛን ያስተካክላሉ። ይህ እውቀት ከእጅ ወደ እጅ ብቻ መተላለፉ ያሳስበኛል፤ ተጽፎ መቀመጥ ነበረበት።

ነዳጁም ተለዋውጧል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ የተጣራው ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ይገባል። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ተቀላቅሎ ለአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ደረሰ። ኢታኖል የአሮጌ መኪናን የጎማ ነዳጅ ቱቦ ያለሰልሳል፣ በሳልባትዮ ውስጥ የተኛውን ዝገትም ቀስቅሶ ፊልትሮ ይደፍናል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ሳሪስ ባሉ ጋራዦች፣ የዛሬው ትልቅ ሥራ የካርቡሬተር ቦዲ ላይ ኢንጀክሽን ሞተር መግጠም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከግፊቱ ነው። የካርቡሬተር ፓምፕ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ ኢንጀክሽን ግን ወደ 3 ባር ይፈልጋል። የድሮው ጎማ ቱቦ ይህን አይችልም፤ ከማሰሪያው ሥር ይሰነጠቅና ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። ፓምፑ ከሳልባትዮ ውጭ፣ ከፍ ብሎ ከተሰቀለም ቤንዚን መሳብ ያቅተዋል፤ ደጋ ላይ ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ቱቦው በእንፋሎት ይሞላል። ዳገት ላይ ወይም ኩርባ ላይ ደግሞ መከፋፈያ በሌለው ሳልባትዮ ውስጥ ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይቋረጣል። ጎበዝ ባለሙያ ስለዚህ ፓምፑን ሳልባትዮው ውስጥ ያጠልቃል፣ ዙሪያውን በላሜራ ይከልላል፣ ትርፉ ቤንዚን የሚመለስበትን መስመርም ለብቻ ይዘረጋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉትን አድሶ መንዳት እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ሞተር ልታስቀይሩ ጋራዥ የምትገቡ ሁሉ፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የነዳጅ ቱቦው ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ሞተሩ እየሠራም ከሳልባትዮ እስከ ሞተር እየተከተላችሁ እርጥበት ፈልጉ።